የባለከረባቱ አክስት

አውቶቡሱ ይበላሽ፣ ትላለች ልጅየዋ በሆዷ፣ ይገልበጥ አላለችም፣ እሱስ ይቅር፣ አንድ ጎማው ብቻ ይተንፍስ፣ ሁላችሁም ውረዱ ይባል፣ እናቷ ዛሬ ቀኑ አልቀናንም ትበል፣ ተያይዘው ወደ ቤት ይመለሱ፣ ልመናዋ ይኸው ነው፣ ከዚህ ሌላ ዓመቱን ሙሉ ምንም አትለምንም። አውቶቡሱ ግን፣ ያ ዳገት ባየ ቁጥር እያሳለ እያቃሰተ የሚወጣው አውቶቡስ፣ ዛሬ ሙሽራ ሆኗል፣ መብራት እንኳ አልያዘውም። እናቷ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። የደህና ቀን ቀሚሷን ለብሳለች፣ ፌስታሉን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አቅፋለች፣ በፌስታሉ ውስጥ ለራሷ ብላ በልኳ የሠራችው ሰማያዊ ሹራብ አለ፣ የጉልበት ቅባትም አለ፣ ቅባቱን ከመድኃኒት ቤት ያመጣችላት ራሷ ልጅየዋ ናት፣ ለእናቷ ጉልበት ብላ፣ እናትየዋ ግን ክዳኑን እንኳ ሳትነካ አስቀምጣው ኖሯል፣ ለባለከረባቱ አክስት።

ይሆናታል፣ ትላለች እናቷ ወደ ውጭ እያየች፣ አይቻት ባላውቅም እኔን የምታክል ይመስለኛል፣ የሚያማት ጉልበቷም የግራው ነው፣ ልክ እንደኔ፣ በዚያ ላይ ግትር ናት፣ ቅባቱን ይሸታል ብላ ትመልሰዋለች፣ አጠገቧ ቆመን ካላስቀባናት በጄ አትልም። አዎ እማዬ። ግትር።

ንገሪያት። አሁን፣ ከሚቀጥለው ፌርማታ በፊት። ሦስት ቃል ናት፣ አክስትየዋ አንቺ ነሽ፣ አለቀ፣ ሦስት ቃል ለሰው ልጅ ምንድን ነው፣ ሕፃን ይለዋል። አፏን ትከፍታለች። ከፊቷ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ አንዱ በሚስማር ፍቅር ብሎ ጀምሮ ሳይጨርስ የወረደ ጽሑፍ አለ፣ እሱን ታነባለች፣ ደግማ ታነባለች። አፏን ትዘጋለች።

እሷ እኮ ሻይ አዝዛ ቡና ቢያመጡላት ቡናውን ጠጥታ፣ አመስግና የምትወጣ ሰው ናት። ስብሰባ ላይ ስሟ ሲጠራ ፊቷ ደም ይመስላል። ተማሪ ሳለች መልሱን ከሁሉም ቀድማ ታውቀዋለች፣ እጇ ግን አይነሳም፣ እጇ የሌላ ሰው እጅ ነው፣ አንዱ የተሳሳተ መልስ ሲመልስ እሷ ታፍርለታለች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ መድኃኒት ቀማሚ ሆና፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ከመስታወት ጀርባ ከተቀመጠች ወዲህ ትንሽ ተሽሏታል፣ መስታወቱ ደግ ነው፣ ሰው የሚያየው መድኃኒቱን እንጂ እሷን አይደለም። እናቷ ጭምቴ ትላታለች። ሰው ፊት በፍቅር ነው፣ ቤት ውስጥ ሲነድዳት ግን አፍሽን ማን ሰፋብኝ ትላለች፣ ይሄን ባለከረባቱን እይው፣ አንደበቱ ማር ነው፣ ከእሱ ትንሽ ብትማሪ ምን ነበረበት።

ከእሱ። ትንሽ ብትማሪ።

ባለከረባቱ የሚለውን ስም ሰው ሁሉ ነው ያወጣለት። ሕፃናት ተኝተው፣ ዕቃ ታጥቦ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል በቴሌቪዥን ይመጣል፣ እንግዳ ጠርቶ ያጫውታል፣ ከእንግዳው በፊት ግን ስለ አክስቱ አንድ ነገር ሳያወራ ጀምሮ አያውቅም። አክስቴ ዛሬ ምን አደረገች መሰላችሁ ሲል ሰው ሁሉ ወንበሩን ያስጠጋል። አክስትየዋ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዳ አፍሽን ክፈቺ ብትባል መጀመሪያ አንተ ክፈት፣ ያንተን ጥርስ ሳላይ የኔን አላስነካም አለች። አክስትየዋ ሊፍቱ ጥሏት ቢወጣ በደረጃ ተከትላ አራተኛ ፎቅ ላይ ደረሰችበትና የልቧን ነገረችው። ዜና አንባቢው እንደምን አመሻችሁ ባለ ቁጥር እግዚአብሔር ይመስገን ብላ ትመልስለታለች፣ ካልመለሰችለት ቅር የሚለው ይመስላታል። አገር ይስቃል። እናቷም ትስቃለች፣ ዕንባዋ እስኪመጣ፣ ጭኗን እየመታች፣ ትክክል ናት ትላለች፣ ጥርስ ሐኪሙን እኔም እኮ ልክ እንደዚያ ነው ያልኩት፣ ጤነኛ ሴት ሁሉ የምትለው ይሄንኑ ነው። ልጅየዋ አጠገቧ ተቀምጣ የሶፋውን ክር ትነጫለች። ጥርስ ሐኪሙም ሊፍቱም ዜና አንባቢውም የእናቷ ናቸው፣ አንዱም አልተፈጠረም፣ የተለወጠው እናት የሚለው ቃል ብቻ ነው፣ አክስት ተብሏል።

እንዴት ተጀመረ። ሰውየው ገና ስም ሳያወጣ፣ ጉሮሮውን ይዞ መስኮቷ ላይ መጣ፣ ድምፁ ተዘግቷል፣ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው፣ ራሷም በሹክሹክታ የምትናገር ናትና እኩያዋን አገኘች። ለጥቂት ቀን እንዳይናገሩ አለችው። እኔ ካልተናገርኩ እንጀራዬ ምን ሊሆን ነው አላት። እንዴት እንደወጣት አታውቅም፣ ከየት እንደመጣ አታውቅም፣ እናቴንም ሐኪሙ እንዳትናገሪ ብሏት፣ እሺ፣ ግን ለምን እንደማልችል ላስረዳህ ብላ እስኪመሽ አስረዳችው አለችው። ሰውየው ያለ ድምፅ ሳቀ፣ አፉን ከፍቶ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ጠረጴዛውን ያዘ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ፣ መድኃኒት አልፈለገም፣ እናትሽስ ደህና ናት ወይ አላት። ሌላ ንገሪኝ አላት። አልቻለችም፣ በመስታወት እንኳ አልቻለችም፣ ዐይኑ አለ፣ ወረፋው አለ። ስልክ ቁጥሩን ሰጥቷት ሄደ።

መጋዘኑ ውስጥ ነው ታዲያ። በምሳ ሰዓት፣ የግሉኮስ ካርቶኖች መሀል፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ስልኩን አፏ ላይ ትደግነዋለች፣ የእናቷ ድምፅ ከአፏ ይወጣል። በድምፅ መልእክት ትልክለታለች። የእናቷ ቃል ብቻ አይደለም፣ ጣት ሲነሳ፣ ከንፈር ሲጣመም፣ ከዋናው ነገር በፊት ያቺ አጭር ትንፋሽ፣ ሁሉም። ካርቶን አያፈጥም፣ ካርቶን አይስቅም፣ ካርቶን ፊት ሰው ሁሉ ደፋር ነው። ጭምቷ ትቀራለች በሩ ላይ፣ የምትገባው ሌላ ናት። አለቃዋ ይቺ ልጅ ምሳዋን ትታ መጋዘን ቆጠራ ላይ ናት እያለ ለሌሎቹ ምሳሌ ያደርጋታል። ሰውየው አንድ ጊዜ ስምሽን ፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ እናስገባ ቢላት መላኩን ተወች፣ ሁለተኛ ላያነሳው እስኪምል ድረስ አንድ ቃል አልላከችለትም። ማለ። ዓመታት ሄዱ። ሆዷ ምስጢሩን እንደ ቤት ልጅ ለመደው።

ምነው ባልላክሁት የምትለው አንድ ብቻ ነው። ወይስ እሱም ደግ ሆነ። ካፖርቱ።

አባቷ ከሞተ ወዲህ ቡኒ ካፖርቱ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፣ ዘመድ ሁሉ አውርዱት፣ ለሚለብሰው ስጡት ይላል፣ እናቷ እሺ ትላለች፣ አይወርድም። አንድ ጠዋት ልጅየዋ ጫማዋን ስታስር ከውስጥ ጭቅጭቅ ሰማች። መስኮት ይከፈት አይከፈት ነው። እናቷ አየር ይግባ ትላለች፣ ዝም ትላለች፣ ዝም ያለችው መልስ እየሰማች ነው፣ ከዚያ አንተ ሁልጊዜ እንዲሁ ነህ፣ ብርድ አንተን ብቻ የሚፈልግ ይመስልሃል ትላለች፣ በበሩ ስንጥቅ ስታያት የካፖርቱን ኮሌታ እያቃናችለት ነው። ልጅየዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ ደረጃውን ወረደች፣ ኮቴዋ እንዳይሰማ። የዚያን ዕለት መጋዘን ገብታ እያለቀሰች ተናገረችው፣ ለማሳቅ አይደለም፣ የሚነገረው ሰው አጥታ ነው፣ እንደላከችው ልታጠፋው ጣቷን ሰደደች፣ ሰውየው ሰምቶት ነበር።

ተናገረው። በቴሌቪዥን፣ ሳይስቅ። አዳራሹም አልሳቀም። እናቷ ሹራብ የምትሠራበት እጇ አየር ላይ ቀረ፣ ልጅየዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች፣ ማስታወቂያ ገባ፣ ሳሙና ነው፣ አረፋ ነው፣ እናቷ ወደ እሷ ሳትዞር፣ ቀስ ብላ፣ እኔ ብቻ አይደለሁማ አለች።

እኔ ብቻ አይደለሁማ። ከዚያ ወዲህ በሩን ከፍታ ነው ካፖርቱን የምታናግረው፣ አትደበቅም፣ ሰው ሲመጣ አታቋርጥም፣ ትቀልድበታለች፣ ፊቷ ደም መለሰ፣ ሾርባ አማራት፣ ያቺስ ሴትዮ ብቻዋን መቼም እንዴት ትገፋዋለች እያለች ለአክስትየዋ አዘነች፣ ማዘን ደግሞ አበረታት። እንግዲህ የልጅየዋ ጉሮሮ ላይ የቆመው አጥንት ይሄ ነው። ቁጣውን አይደለም የምትፈራው፣ ጉዳችንን አደባባይ አሰጣሽው ብትባል ትችለዋለች፣ ብትመታም ትችለዋለች። አክስት የምትባል የለችም ማለት ግን እናቷን መልሶ በዓለም ላይ ከካፖርት ጋር የምትጣላ አንድ ለእናቷ ሴት ማድረግ ነው። ያን ማድረግ አትችልም። አለማድረግም አትችልም፣ ምክንያቱም አውቶቡሱ አይበላሽም፣ ምክንያቱም ቴሌቪዥን ጣቢያው ፌርማታ ያለው መሥሪያ ቤት ነው፣ እዚያ በር ላይ አንድ የማያውቃት ሰው በአንድ አፍ የለችም ይላታል።

ቲኬት፣ ቲኬት ያልቆረጠ። ቆርጠናል።

ሰውየው ደግሞ ምን ነካው፣ ዝም ብሎ አይሄድም። አንድ ማታ ፕሮግራሙ ላይ ከእንግዲህ አልመጣም አለ፣ ለምን እንደሆነ አልተናገረም። እሷ ታውቃለች። የጉሮሮውን መድኃኒት የምትሰጠው እሷ ናት፣ ሐኪሙ ወይ ድምፅህን ወይ ሥራህን ብሎታል፣ የታማሚ ጉዳይ ደግሞ አይወራም፣ ሙያ ነው፣ አንዱ ምስጢር ላይ ሌላው ተደረበ። ከወንበሩ ተነሣ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ አክስቴን አደራ አለ፣ መብራቱ ጠፋ። ይቺን ቃል እሷ አልላከችለትም። ከራሱ ነው ያወጣት። ለማን ነው ያላት፣ ለሕዝቡ ነው፣ ለእሷ ነው፣ ይሄን የዕድሜ ልክ ጥያቄ አስታቅፏት ሄደ።

ሕዝቡማ ምኑ ይወራል። የመድኃኒት ቤቱ ገንዘብ ተቀባይ ዐይኗ አብጦ ገባች፣ ወንድሟ የሞተ መስሏቸው ሊያጽናኗት ተሰበሰቡ። ወረፋ የያዘ አንድ ታክሲ ነጂ በልተውታል አለ፣ ነገሩ ከላይ ነው፣ ሰው ሲወደድ ዐይናቸው ይቀላል፣ እኔ ሰምቻለሁ፣ ከማን እንደሰማሁ አትጠይቁኝ። ማንም አልጠየቀውም፣ ቅር አለው። ሌላው አግብቶ ውጭ ሊኖር ነው አለ። አንድ ተማሪ ድሮም ቀልዱ ያው አንድ ዓይነት ነበር ብሎ ወረፋው ሊበላው ደረሰ፣ ሳል የያዛቸው ሴትዮ ሳላቸውን አቁመው ሰደቡት። አንዲት ወይዘሮ የእንቅልፍ መድኃኒት ስጪኝ አለች፣ የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል ብትላት፣ ባለከረባቱ መቼ ወረቀት ጠይቆኝ ያውቃል አለች። እሱስ ይሂድ፣ አለች ሌላዋ፣ ወሬኛ ወንድ መች ጠፋ፣ ያቺን ሴት ማን ይነግረናል እንጂ። ወረፋው ሁሉ እህ ብሎ ተነፈሰ፣ እሱን ትተው ስለ አክስትየዋ ያወሩ ጀመር፣ ጨዋታዋን እያበላሹ ይነጋገራሉ፣ አንዷ ሊፍቱን ሳይሆን የሊፍቱን ዘበኛ ነው የሰደበችው ትላለች፣ ልጅየዋ ከመስታወቱ ጀርባ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ የለም ሊፍቱን ነው፣ ሊፍቱን ካልሆነ ምኑ ያስቃል። አንቺ ግን ምንም አልመሰለሽም አይደል፣ አለቻት ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ድንጋይ ነሽ። መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ ይውሰዱት፣ አለች እሷ፣ ለሚቀጥለው ሰው።

እናቷ ግን አላለቀሰችም። አሰበች። በነጋታው ጠዋት አደራ ተብለናል ብላ ተነሣች። እማዬ፣ ለሰው ሁሉ ነው እኮ ያለው። ለሰው ሁሉ የተሰጠ አደራ የማንም አይደለም፣ ማንም አይወጣውም፣ ስለዚህ እኛው ነን የምንወጣው፣ እኔ በስተርጅና አደራ በላ አልባልም። ጎረቤት ሰማ። ከታች የሚኖረው ጡረተኛ ሾፌር ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ እወስዳታለሁ አለ፣ ፀጉር ሠሪዋ ፀጉሯን እኔ ልያዘው አለች፣ እዚያው ደረጃ ላይ ቆመው አክስትየዋ ብቻዋን ትኑር አትኑር ተከራከሩ፣ በመጨረሻ እናቷ የጭምቴ ክፍል ሰፊ ነው፣ ሌላ አልጋ ይችላል ብላ ቆረጠች። እኔስ እማዬ። አንቺ ምን ትሆኛለሽ፣ አንቺ እኮ ድምፅ የለሽም፣ አትረብሺያትም።

ወራጅ፣ ትላለች እናቷ። ደረሱ።

ደጁ ላይ ዘበኛው ፌስታሉን ይፈትሻል፣ ሹራቡን ያነሣል፣ ቅባቱን ያያል፣ ትንፋሹን በረጅሙ ይለቃል። እርስዎም ለአክስትየዋ ነው፣ እማማ። በዚያ በኩል። እናቷ በኩራት ትመለከታታለች፣ አየሽ፣ ያውቋታል። ልጅየዋ ወደ ኋላ ትቀራለች፣ አሁን ነው፣ ከዚህ በር በፊት ነው፣ እማዬ ስሚኝ፣ አላለችም፣ ብላለች፣ ለራሷ ነው ያለችው። የእንግዳ መቀበያው አዳራሽ ሰፊ ነው፣ ግድግዳው ሥር ዕቃ ተከምሯል፣ ነጠላ ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ የሙቅ ውኃ ላስቲክ፣ ከዘራ፣ ባለ አበባ ትራስ፣ አንዱ ተሽከርካሪ ወንበር አምጥቷል፣ በደረጃ ሮጣ ሊፍት የምትይዝ ሴት ምን ታደርግበታለች። አግዳሚው ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ጭኑ ላይ አንድ ነገር ይዟል። ይሄ ሁሉ የእናቷ ነው። ይሄ ሁሉ ሰው እናቷን ወዶ የመጣ ነው፣ እናቷም በወረፋው መጨረሻ ላይ ቆማ ለራሷ ሹራብ ይዛለች፣ ይሄን ለሰውየው በላከችለት፣ ምን ያደርግ ነበር፣ ያለ ድምፅ ይስቅ ነበር። የሚልኩለት ሰው የለም። አይ ጊዜ።

እንግዳ ተቀባይዋ ወጣት ናት፣ ደክሟታል፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ስትደጋግም የዋለች ሰው ድምፅ አላት። እማማ፣ ለሁሉም እየነገርኩ ነው፣ ለእርስዎም ልንገርዎት፣ አክስት የለችውም። ድርሰት ነው። የሚደርስለት ሰው አለ፣ ማን እንደሆነ እኛም አናውቅም፣ ዕቃውን ከፈለጉ ያስቀምጡት፣ ለተቸገረ እንሰጠዋለን።

እናቷ ፈገግ ትላለች፣ እንደ ሕፃን ቀልድ። ልጄ፣ ያቺን ሴት ማንም ሊደርሳት አይችልም።

ድርሰት ነው እማማ።

ሊፍቱስ።

እሱም።

እናቷ ፌስታሉን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው ታዛውራለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ማንም እንዳይሰማት ወደ ጠረጴዛው ተጠግታ፣ ካፖርቱስ ትላለች።

ካፖርቱም ድርሰት ነው፣ እማማ፣ ማን ከካፖርት ጋር ያወራል።

ልጅየዋ ከኋላ ናት፣ የእናቷን ፊት አታይም፣ ትከሻዋን ግን ታያለች፣ ትከሻዋ ሲወርድ፣ ቀስ ብሎ፣ ከመስቀያ ላይ እንደሚንሸራተት ልብስ፣ የደህና ቀን ቀሚሷ ድንገት ሲሰፋባት፣ ይኸው መጣ፣ የፈራችው ይኸው፣ እሷ ዝም ስላለች የማታውቃት ልጅ ነገረቻት፣ ዝም ያለ ሰው አይዋሽም የሚለው ማን ነው፣ ዝም በይ እንግዲህ፣ ዝም በይ እስክትሞት፣ ድርሰት አይደለም ትላለች አንዲት ሴት፣ ጮክ ብላ፣ ሰው ሁሉ ይዞራል፣ ማን ናት፣ እሷው ናት።

ምን አልሽ።

ድርሰት አይደለም እማዬ። ካፖርቱ አለ። ቡኒ ነው። እኔ ነኝ የነገርኩት፣ ሁሉንም እኔ ነኝ ለሰውየው የምነግረው፣ አክስትየዋ አንቺ ነሽ።

ወጣ። ሦስቱም ቃል ወጣ፣ ምንም አልተሰነጠቀም፣ ጣሪያው ቦታው ላይ ነው። እናቷ ግን በትዕግሥት ነው የምታያት፣ በሽተኛ እንደሚታይ፣ ግንባሯን ልትዳስሳት እጇን ታነሣለች። የኔ ልጅ፣ ወራጅ ማለት አፍረሽ ፌርማታሽን አልፈሽ በእግርሽ የምትመለሽ ልጅ ነሽ እኮ፣ ለማን ምን ልትነግሪ ነው። ሰው ይስቃል። እንግዳ ተቀባይዋ ብዕሯን አስቀምጣለች። ልጅየዋ ካርቶን ትፈልጋለች በዐይኗ፣ ግድግዳ ትፈልጋለች፣ የለም፣ ፊት ብቻ ነው ያለው፣ ፊት፣ ፊት፣ ፊት፣ እሺ፣ ያቺን አጭር ትንፋሽ ትስባለች፣ ጣቷ ይነሳል፣ ከንፈሯ ይጣመማል፣ መጀመሪያ አንተ ክፈት፣ ትላለች፣ ያንተን ጥርስ ሳላይ የኔን አላስነካም፣ ደግሞ ማጨስ የምታበዛ ትመስላለህ። ከጥግ አንድ ሰው እሷ ናት ይላል፣ በሕይወት ያገኛት ያህል። አታቆምም፣ ማቆም ብትችል ታቆም ነበር፣ አየር ይግባ አልኩ እንጂ ምን አልኩ፣ አንተ ሁልጊዜ እንዲሁ ነህ፣ ብርድ አንተን ብቻ የሚፈልግ ይመስልሃል፣ እዚህ ላይ የእናቷ ድምፅ ከአፏ ያመልጣል፣ የራሷ ይቀራል፣ የራሷ ደግሞ ይንቀጠቀጣል፣ ኮሌታውን ስታቃኚለት አየሁሽ እማዬ፣ በበሩ ስንጥቅ፣ ይቅርታ።

እኔ እንደዚህ አልናገርም፣ ትላለች እናቷ፣ ልክ እንደዚያው ተናግራ።

አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። እናቷ አልሳቀችም። ይሄን ሲያዩ ሳቁ ይሟሟል፣ የመጨረሻው ሰው አፍሮ ያቆማል።

ካፖርቱንም።

ካፖርቱንም እማዬ።

ለሰው ሁሉ።

ለሰው ሁሉ።

ልትመታኝ ነው፣ ልትሄድ ነው፣ በዚህ በር ወጥታ አውቶቡስ ተሳፍራ ካፖርቱን አውርዳ ልትሰጥ ነው፣ ከእንግዲህ በሩን ዘግታ ልትኖር ነው፣ ደግሞም አልተሳሳተችም፣ የገዛ ልጇ በስንጥቅ ያየቻት ሴት ምን ታድርግ፣ ለምን አልጮኸችብኝም፣ ትጩህብኝ፣ ለምን ታየኛለች እንዲህ፣ አታየኝም፣ እኔን አልፋ ነው የምታየው፣ ከኋላዬ ማን አለ።

ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ከአግዳሚው ተነሥተዋል፣ የነጠላ ጫማ ካርቶን ይዘዋል፣ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። ይቅርታ፣ በመሀል ገባሁ፣ ይላሉ፣ የኔ ጃንጥላ ነው። የባለቤቴ ጃንጥላ። ለሰው ተናግሬው አላውቅም፣ ካፖርቱ የተነገረ ቀን ነው ድምፅ አውጥቼ ማናገር የጀመርኩት፣ ለዚያ ላመሰግናት ነበር የመጣሁት። ብርድ ልብስ የያዘች ጎልማሳ ሴት ተማሪ እንደምታደርገው ጣቷን ግማሽ ታነሣለች፣ የወንድሜ ራዲዮ ትላለች፣ እጇን ቶሎ ትመልሳለች። እንግዳ ተቀባይዋ ጠረጴዛዋን ታያለች፣ ምናልባት እሷም የምታናግረው አንድ ዕቃ አላት።

እናቷ ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራሳቸው ትመዝናቸዋለች። ጥርስ ሐኪሙንም እንዲሁ ነው ያየችው። ይመልስልዎታል ወይ፣ ትላለች በመጨረሻ።

ዝናብ ሲሆን።

የኔው በጋ ከክረምት ነው፣ ትላለች እናቷ፣ አፍ አያስከፍትም፣ ደግሞ በሕይወቱ ሳለ እንዲህ ተናጋሪ አልነበረም። ይስቃሉ ሽማግሌው፣ እናቷም ከጎናቸው ትቀመጣለች፣ ጉልበቷን በእጇ ደግፋ፣ እህ ብላ፣ ፌስታሉን እግሯ ሥር አስቀምጣ። ስለ ጃንጥላው ትጠይቃለች፣ ቀለሙን፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያሸንፍ። ወደ ልጇ አልዞረችም።

ልጅየዋ አዳራሹ መሀል ቆማለች፣ የምትይዘው የላት፣ እጇን የት ታድርገው፣ ሰው ሁሉ አያት፣ ያያታል፣ ፊቷ ግን አልነደደም፣ ይሄ እንግዳ ነገር ነው፣ ጉንጯን ትነካለች፣ ቀዝቃዛ ነው። ሰውየው ቢኖር፣ ጃንጥላ ሲዘንብ ይመልሳል፣ ይሄን እንዴት አድርጎ ይለው ነበር፣ ወይም ዝም ብሎ ቢሰማው፣ ደህና ይሆን፣ ጉሮሮው።

እናቷ ሳትዞር በሌላ በኩሏ ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታ መታ ታደርጋለች። ሄዳ ትቀመጣለች። እንዳይነካኩ ተጠንቅቃ፣ ጫፍ ላይ።

ቤት ስንገባ ከአንቺ ጋር ወሬ አለን፣ ትላለች እናቷ።

እሺ እማዬ።

ረጅም ወሬ።

እሺ።

ትቆያለች። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ታስተካክላለች። ከዚያ ወደ እሷ ትዞራለች፣ በሙሉ ፊቷ፣ የተናደደ ነው፣ የተጎዳ ነው፣ ሌላም ነገር አለበት፣ ልጅየዋ ያን ሌላውን ነገር ከዚህ በፊት አይታው አታውቅም፣ እንግዳ ቤት ሲመጣ እናቷ ለእንግዳው የምታሳየው ፊት ነው፣ ማነህ ከየት መጣህ የሚለው። ይሄን ሁሉ ዓመት ስለኔ ስታወሪ ኖርሽ፣ ትላለች እናቷ፣ ስላንቺስ ማን ነው የሚያወራው፣ እኔ ስላንቺ ምን አውቃለሁ፣ መድኃኒት ቤት ትሄጃለሽ፣ ትመጫለሽ። እስቲ ስለራስሽ አንድ ንገሪኝ።

ስለራሴ። ስለራሷ ምን አለ። የሚያስቅ የለም፣ የሚያስለቅስም የለም፣ መስታወት አለ፣ ወረፋ አለ፣ መጋዘን አለ፣ ማንን አስመስላ ትናገረው፣ የሚመሰል ድምፅ የለውም፣ ሽማግሌው ካርቶናቸውን አስቀምጠው ጠጋ ይላሉ፣ ብርድ ልብስ የያዘችው ሴት ከአግዳሚው ተነሥታ ትቀርባለች፣ አንድ ነገር አለ፣ አለ፣ ለማንም ያልተባለ፣ ለካርቶኖቹም ያልተባለ፣ አፏን ትከፍታለች፣ ቀጭን ነው ድምፅዋ፣ ከጉሮሮዋ ሲወጣ ይሻክራል፣ ራሷም በደንብ አታውቀውም፣ አንድ ጊዜ እኔ ብላ ትጀምራለች፣ ከኋላ አንድ ሰው ጮክ በይ እንጂ ልጄ፣ እኛም እንስማ ይላል፣ ጮክ ትላለች።